ውርጭ የበላው ጣት

«ማንሻውን እንዳትነኪ! ሰምተሻል? እጄን ወደ ላይ እስከማነሳ ድረስ ንክች እንዳታደርጊው!»

ጊዶ ኔስቶር ይህንን ሲናገሩ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። ዳርካ ከትራክተሩ ወንበር ላይ ሆና «እሺ ጊዶ፣ እሺ አልኩኮ!» ብላ ጮኸች። አያቷ፣ በቤቱ አጠራር ጊዶ፣ የቆዳ ኮፍያቸውን ጆሯቸው ላይ ጎትተው አገጫቸው ሥር አስረውታል፤ ጺማቸው ላይ በረዶ ጋግሯል። ያለ ኮፍያውም ጆሯቸው ደከም ያለ ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ደርሷል፤ ሰው አፍንጫ እንዳለው የሚረሳበት ዓይነት ጠዋት።

አጥሩ ጋ ስልሳ ላሞች ተኮልኩለው እምቧ ይላሉ። ከትናንት ጀምሮ አልበሉም። አንዱ የድርቆሽ ጥቅል ስድስት መቶ ኪሎ ስለሚመዝን ሰው በጫንቃው አይሞክረውም። የሚያነሳው ከትራክተሩ ፊት ያለው ሎደር ነው፤ ሎደሩ ደግሞ ዛሬ አሻፈረኝ ብሏል።

ትራክተሯን ቤተሰቡ «አሮጊቷ» ይላታል። ከዳርካ እናት በዕድሜ ትበልጣለች፤ ቀለሟ የቱ ጋ ቀይ፣ የቱ ጋ ዝገት እንደሆነ መለየት ካቆመ ቆይቷል። ጠዋት ሲያስነሷት የሎደሩ ክንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይልና ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ፓምፑ ጅራቷን እንደተረገጠች ድመት ጮኸ።

«ፓምፕ ሲጮህ ምን እያለ ነው?» ብለው ነበር ጊዶ።

«ጠማኝ።»

«ጎበዝ። ዘይት አልደረሰውም። መጀመሪያ ምን ይታያል?»

«የዘይቱ መጠን።»

«ቀጥሎ?»

«ቀለሙ።»

መጠኑ ሙሉ ነበር። ቀለሙ ግን ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። ጊዶ ምላሳቸውን ጠጭ አደረጉ። «ውሃ ገብቶበታል። ውሃው የዘይቱ ወንፊት ላይ በረዶ ሆኖ ጉሮሮውን አንቆታል። የኔ ጥፋት ነው፤ በመከር መቀየር ነበረብኝ።» ከዚያ ሸራ አልብሰዋት የሙቅ አየር ማራገቢያ ከሆዷ ሥር ለኮሱባት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጩኸቱ ቆመ፤ ክንዱም ተነሳ። ዳርካ «ተገላገልን!» ብላ ልታጨበጭብ ስትል፣ ነጩ በረዶ ላይ ጠብ፣ ጠብ የሚል ቢጫ ዘይት አየች። አንደኛው የጎማ ቱቦ ያፈሳል።

አሁን ጊዶ የሚፈልጉት ያንን ቀዳዳ ነው። ሞተሩን አላጠፉም፤ በዚያ ብርድ ሞተር የሚያጠፋ ሰው እስከ ፀደይ ላይነሳለት ይችላል። ክንዱን መሬት አስተኙ፣ አካፋውን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ አስቀለበሱት፣ ከዚያ ዳርካን ክንዱንና አካፋውን ከሚያዘው ማንሻ ላይ እጇን አስነሷት።

«ማንሻው ካልተነካ ቱቦው ውስጥ ያለው ዘይት እንደተኛ ነው፣» አሉ። «ሲነካ ይነቃል። ሲነቃ ደግሞ ጉልበቱ ጥቅሉን ድርቆሽ ያነሳል፣ ገባሽ?»

ገብቷታል። ጊዶ የቀኝ እጃቸውን ጓንት በጥርሳቸው ጎትተው አወለቁ። ዘይትን በጓንት ማን ያገኘዋል? ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሚያፈስ ቱቦ የሚፈልጉት በባዶ እጅ እየዳሰሱ ነው፤ አባታቸውም እንደዚያው። ጎንበስ ብለው በሌባ ጣታቸው ቱቦውን ቀስ ብለው ይከተሉት ጀመር።

ቀስ ብለው። እጅግ በጣም ቀስ ብለው።

ዳርካ ሰዓቷን አየች። አራት ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው። በሰባት ሰዓት ከተማው ውስጥ የሆኪ ጨዋታ አላት፤ ግብ ጠባቂዋ እሷ ናት፤ ተጠባባቂ ግብ ጠባቂ የሚባል ነገር ቡድኑ የለውም። እናቷ ደግሞ «ላሞቹ ሳይበሉ ማንም ከዚህ ቤት ንቅንቅ አይልም» ብላለች። ከሱሪዋ በላይ ሱሪ ብትለብስም ጉልበቷ ከደነዘዘ ቆይቷል። *ኧረ ጊዶ፣ በእግዜር ቶሎ በሉ!*

ከዚያ ያደረገችውን አደረገች። ለምን ብትባል ዛሬም አጥርታ አትናገረውም። ክንዱ ጉልበት አግኝቶ እንደሆነ ለማየት ይሆናል፤ ብርዱም ይሆናል። ማንሻውን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። *አንድ፣ ሁለት* ብላ በሆዷ ቆጠረች። አካፋው ቀድሞውኑ መጨረሻው ላይ ስለነበረ ንቅንቅ አላለም። የሞተሩ ድምፅ ብቻ ትንሽ ጎርነን አለ።

ከጊዶ ጣት ሥር የፀጉር ያህል የቀጠነ ጭስ መሳይ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ።

«ኦህ!» ጊዶ እጃቸውን ላጥ አደረጉ። ዳርካ ማንሻውን ለቀቀችው። አያቷ ጣታቸውን ወደ ዐይናቸው አስጠግተው አዩትና ሳቅ አሉ። «ሽቦ ነው! የቱቦው የውስጥ ሽቦ ተበጥሶ ወጋኝ። ይኸው አገኘሁት፣ ቀዳዳው እዚህ ነው!»

ደም እንኳ የለም። መርፌ የነካው የምታህል ነጥብ ብቻ። ሱሪያቸው ላይ ጠረግ አድርገው ጓንታቸውን አጠለቁ።

ዳርካ ትንፋሿን ለቀቀች። ምንም አልሆኑም። ምንም ካልሆኑ ደግሞ የሚወራ ነገር የለም።

*

የትራክተሯ ወንበር የዳርካ የሆነው ከመስከረም ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የወንድሟ የዳኒሎ ነበር። ዳኒሎ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ በነሐሴ ጊዶ የአጥሩን በር ሲዘጉ ምልክታቸውን ሳይጠብቅ ማንሻውን ነካና ጥቅሉን አጥሩ ላይ ጣለው። ሰው አልተጎዳም። ጊዶም አልጮኹም። «ውረድ» ብቻ አሉት። እስከሚቀጥለው መከር ወንበሩ ላይ አይቀመጥም። የልጆቹ አባት ለሳምንታት ማዕድን ማውጫው ላይ ስለሚሠራ፣ ተረኛዋ ዳርካ ሆነች።

ዳርካ ደግሞ አፏ መች ያርፋል! አምስት ወር ሙሉ ወንድሟን «ማንሻ ነኪው» እያለች ስታበሽቀው ከርማለች። ምሳ ላይ «ማንሻ ነኪው፣ ጨው አቀብለኝ።» መኝታ ላይ «ደህና እደር፣ ማንሻ ነኪው።»

የዚያን ቀን ከብርዱ ሲገቡ ዳኒሎ የላሞቹን ውሃ በረዶ በመጥረቢያ ሲፈነክት አርፍዶ ምድጃው አጠገብ ካልሲውን ያደርቅ ነበር። «እመቤት ሹፌር መጡ!» አለ። «አነሳሽው ወይስ አሮጊቷ አነሳችሽ?»

ዳርካ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ያዘች። ዳኒሎ ቅንድቡን ከፍ አደረገ፤ እህቱ ዝም ስትል ያየው መቼ እንደሆነ አያስታውስም።

«ቱቦው ነው፣» አሉ ጊዶ ወንበር እየሳቡ። «መጋዘን ውስጥ ትርፍ አለኝ። ምሳ በልተን እንቀይረዋለን። ዳርካ ባትኖር ብቻዬን አልችለውም ነበር። ያልኳትን ትሰማለች። እጄን ሳላነሳ ንክች አታደርግም፣ እንደ አንዳንዱ አይደለችም።»

ዳርካ ፊቷ ነደደ። እናቷ ሌስያ የቀይ ሥር ሾርባውን እየቀዳች «ውርጭ መትቶሻል፣ ጉንጭሽ ቲማቲም መስሏል» አለቻት። ከዚያ ዐይኗ ወደ አባቷ እጅ ሄደ። «አባባ፣ ጣትዎ ምን ሆነ?»

የጊዶ የሌባ ጣት ጫፍ ነጭ ሆኗል። የወረቀት ነጭ።

«ውርጭ ነዋ። ጓንት አውልቄ ነበር።»

ይሄማ በዚያ ቤት ወሬም አይደለም። ውርጭ ያልነካው ጣት፣ ውርጭ ያልላሰው ጆሮ የለም። ሌስያ ለብ ያለ ውሃ በሳህን አቀረበች፤ ጊዶ ቀኝ እጃቸውን ነከሩና በግራቸው ሾርባቸውን ይማጉ ጀመር። ዳኒሎ አምና የእግሩ ጣት ውርጭ ሲመታው እንዴት እንዳለቀሰ አስታወሱትና ተሳሳቁ። ዳርካም ሳቀች። ከሁሉም በኋላ፣ ለብቻዋ።

«ዳርካ፣ አንቺ ቶሎ የምትበዪ፣ የአሮጊቷን መጽሐፍ አምጪልኝ፣» አሉ ጊዶ። «የቱቦውን ርዝመት ልይበት።»

መጽሐፉ በረንዳው ላይ የመሣሪያ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ሽፋኑ ከወደቀ ዓመታት አልፈውታል፤ ገጾቹ በጊዶ የቅባት አሻራ ተዥጎርጉረዋል። ዳርካ እዚያው ቆማ ስለ ሎደሩ የሚያወራውን ምዕራፍ ገለጠች። *ፓምፑ ቢጮህ። ክንዱ ቢንቀጠቀጥ። ቱቦው ቢያፈስ።* እዚያ ገጽ ላይ በጥቁር ሣጥን የታሰረ ጽሑፍ አለ፤ ከጎኑ የእጅ ሥዕል፣ ወደ እጁም የሚሄድ ቀጭን መስመር። ይህንን ሥዕል ታውቀዋለች። የትራክተሯ ጎን ላይም ተለጥፎ ነበር፤ ሕፃን እያለች በጥፍሯ ፍቃ ፍቃ ያነሳችው እሷው ናት።

አነበበችው።

ከጠባብ ቀዳዳ በግፊት የሚወጣ ዘይት በዐይን ላይታይ ይችላል። ጓንትንም ቆዳንም ይበሳል። ቀዳዳ በእጅ አይፈለግም፤ በካርቶን ይፈለጋል። ዘይቱ ቆዳ ውስጥ ከገባ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም፣ ባያምም፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት። አለበለዚያ ሥጋው ይሞታል።

ዳርካ ክው አለች።

ደግማ አነበበችው። «ባያምም» የምትለዋን ቃል ሦስት ጊዜ አነበበቻት። የመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ቁጭ አለች። ያቺ ጭስ መሳይ ነገር፣ ያቺ ብልጭ ብላ የጠፋችው፣ ሽቦ አልነበረችም። የጊዶ እጅ ውስጥ ገብታለች። አሁን፣ እሳቸው ሾርባ እየጠጡ፣ እዚያው ውስጥ ናት። እሷ ናት ያስገባቻት። እግዚኦ!

*

ስትገባ እጃቸው ገና ሳህኑ ውስጥ ነው። ነጭነቱ ከጫፉ ወደ መሐል ወርዷል። ጣቱ አብጧል፤ አንጓው ጋ አመድ አመድ ይላል።

«ያምዎታል?»

«ምኑ? ደንዝዞ! የማንም ጣት ይመስላል።»

ዳርካ እውነቱን በሌላ በር ማስገባት ይቻል እንደሆነ ሞከረች። «ጊዶ... መጽሐፉ ላይ ዘይት ቆዳ ውስጥ ሊገባ ይችላል ይላል። ለምን ሐኪም አናሳይዎትም?»

ጊዶ ሳቁ። «መጽሐፉን የጻፉት ጠበቆች ናቸው፣ ልጄ። ቱቦው ተኝቷል አላልኩሽም? ማንሻው ካልተነካ ዘይቱ በምን ጉልበት ይገባል?»

«እሱስ ነው፣» አለች ሌስያ። ሰዓቱን አይታ ብድግ አለች። «ዳርካ፣ አንቺ ቦርሳሽን አምጪ። ዳኒሎና አባባ ቱቦውን ቀይረው ላሞቹን ያበሏቸዋል፤ አንቺ ከጨዋታው አትቅሪ። ጠዋት ሙሉ ስትሠሪ ነበር።»

ስትሮጥለት የነበረው ነገር ይኸው እጇ ገባ። ዳርካ ወደ በረንዳው ወጣችና የሆኪ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገችው። ውጭ እናቷ መኪናውን አስነስታለች። መስኮቱ በበረዶ አበባ ተሸፍኗል። *ምናልባት ውርጭ ይሆናል፣* አለች ለራሷ። *ውርጭም እንደዚህ ያነጣል። ወይም ሽቦ ይሆናል። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ዝም ብል...*

ዝም ካለች ማንም አያውቅም። ያስደነገጣት ይሄ ነው። በዓለም ላይ ይህንን ነገር የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ አለች፤ እሷም ቦርሳ ተሸክማ በረንዳ ላይ ቆማለች። ሐኪም ቢያያቸው እንኳ ውርጭ ነው ይሉታል፤ እሱም ውርጭ ብሎ ይሰዳቸዋል።

ቦርሳው ከትከሻዋ ወርዶ ወለሉ ላይ ዱብ አለ።

«ነክቼዋለሁ፣» አለች ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ።

ጊዶ ቀና አሉ። «ምን?»

ጆሯቸው ደካማ ነው። ድገሚ መባል ደግሞ ከመናገሩ ይብሳል። «ማንሻውን!» ብላ ጮኸች። «ማንሻውን ነክቼዋለሁ! እጅዎ ቱቦው ላይ እያለ። እስከ ሁለት ቆጥሬ ለቀቅኩት። ከጣትዎ ሥር ጭስ ሲወጣ አየሁ። ሽቦ አይደለም ጊዶ፣ ዘይቱ ነው! እኔ ነኝ!»

የዳኒሎ ማንኪያ አየር ላይ ቀረች። ዳርካ ወንድሟን አየችው፤ አሁን «ማንሻ ነኪ» ይላል፣ ይበላትም። ዳኒሎ ግን አላለም። ፊቱ ቀስ በቀስ ነጣ፤ ማንኪያውን አስቀመጠና የአያቱን እጅ ከውሃው ውስጥ አወጣው።

ጊዶ ዳርካን ረጅም ጊዜ አዩዋት። የቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር። የማያውቋት ሰው ቤታቸው ገብታ የቆመች ነበር የሚመስለው።

ሌስያ ዳርካ ብትቆይባት መኪናውን ትታ ተመልሳ ገባች። በሁለት ዓረፍተ ነገር ሰማችው። አንድም ጥያቄ ሳታነሳ የጤና ምክር የሚሰጥበት ስልክ ላይ ደወለች። «የሃይድሮሊክ ዘይት» ስትል ከወዲያ በኩል ያለችው ነርስ ድምፅ ተለወጠ፤ ከስልኩ ውጭ እስኪሰማ ድረስ። *ከሙቅ ውሃ ይውጣ። ከአሁን በኋላ ምንም እንዳይቀምሱ። የቅርቡ ሐኪም ቤት አትሂዱ፤ ዛሬ ድንገተኛው ዝግ ነው፤ ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ወደ ትልቁ ከተማ ሂዱ። አሁኑኑ። ያየው ሰው አብሮ ይምጣ።*

*

መንገዱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው። ዳኒሎ ላሞቹ ጋ ቀርቷል። ጊዶ ከፊት ተቀምጠው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ነበር። ግማሹ መንገድ ላይ ሲደርሱ «አሁን ጀመረ» አሉ። ከዚያ ጥርሳቸውን ነከሱ። ጊዶ ኔስቶር አመመኝ ብለው አያውቁም፤ በሬ ጎድን አጥንታቸውን የሰበራቸው ጊዜ እንኳ «ትንሽ ገፋ አድርጎኝ ነው» ነበር ያሉት። ሌስያ ይህንን ስትሰማ የነዳጁን መርገጫ ይበልጥ ተጫነችው።

ቀዶ ሐኪሟ ረጅም፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። የጣቱን ነጥብ በመብራት አየችውና ቀጥታ ዞረች። «ያየው ማን ነው?»

«እኔ።»

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«አራት ተኩል።»

«ምን ያህል ጊዜ?»

«እስከ ሁለት ቆጥሬ ለቀቅኩት።»

«ቆጥረሽ?»

«ቆጥሬ፣» አለች ዳርካ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ይላት ነበር። መጽሐፉን ዘረጋችላት፤ የዘይቱ ዓይነትና የግፊቱ ቁጥር ያለበትን ገጽ ከቤት ጀምራ በጣቷ ይዛዋለች። ሐኪሟ አነበበች፣ ለነርሶቹ ሦስት ትእዛዝ በአንድ ትንፋሽ ሰጠች።

አልጋውን መግፋት ሲጀምሩ ጊዶ ግራ እጃቸውን አነሱ። ነርሶቹ ቆሙ።

«ለምን ነካሽው?»

«ቸኩዬ።»

«ለጨዋታው?»

«አዎ።»

ጊዶ ጣሪያውን ተመለከቱ። «አሸነፉ?»

«አላውቅም።»

«ያለ ግብ ጠባቂ?» አሉ። «አይመስለኝም።» ከዚያ ወደ እሷ ዞረው፣ «ወንበሩ የዳኒሎ ነው።»

«አውቃለሁ ጊዶ።»

በሩ ተዘጋ። ዳርካ እዚያ ኮሪደር ላይ ስታለቅስ እናቷ አጠገቧ ተቀመጠች። አላቀፈቻትም፤ ግን አልራቀቻትም። ትከሻዋ ትከሻዋን እንደነካ ቆየ።

ሐኪሟ የወጣችው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። ዘይቱ ከጣቱ ወደ መዳፉ ተጉዟል፤ እስከ እጁ አንጓ ድረስ ከፍተው አጥበውታል። የሌባ ጣቱን ማትረፍ አልተቻለም። እጁ ግን ይተርፋል።

«ጣቱን...» አለች ሌስያ፤ አፏን በእጇ ያዘች።

«ውርጭ ነው ብላችሁ እስከ ነገ ብትቆዩ ኖሮ የምናወራው ስለ ክንድ ነበር፣» አለች ሐኪሟ። ዐይኗ ዳርካ ላይ ነበር። «ወይም ስለ እሳቸው።»

*

በየካቲት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ለምሳ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰበ። ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ በትሪ የተከመረ ፒሮጊ የሚባል በድንች የተሞላ የሊጥ ቅቅል፣ የተጠበሰ ሽንኩርት። ጊዶ ከሐኪም ቤት ከወጡ ወዲህ ሰው መሐል ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። ቀኝ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ናት።

ሰው ሁሉ ይጠይቃል። ጊዶም ለሁሉ የሚሰጡት መልስ አንድ ነው።

«ውርጭ በላው።»

ዳርካ መጀመሪያ ስትሰማው ከሳህኗ ቀና አለች። ጊዶ ውሸት አይወዱም። ሲዋሹ ሰምታቸውም አታውቅም። ሁለተኛው ሰው ጠየቀ፤ «ውርጭ በላው» አሉ፤ ሦስተኛውም። አንድም ጊዜ ወደ እሷ አላዩም። ያኔ ገባት። እየሸፈኑላት ነው። ወንበሩን ወሰዱባት፤ ስሟን ግን አልወሰዱባትም። ከዚህ በኋላ በዚህ አገር ማንም «የአያቷን ጣት ያስቆረጠች» አይላትም። ዕድሜ ልኳን ዝም ብላ ብትኖር ማንም አይነካትም።

ፊት ለፊታቸው ጎረቤታቸው ቫሲል ከልጁ ከሮክሳ ጋር ተቀምጧል። ሮክሳ የዳርካ ቡድን ተከላካይ ናት፤ ያን ቅዳሜ በዳርካ ፋንታ ግቡ ላይ ቆማ ዘጠኝ የገባባት እሷ ናት፤ እስካሁንም አልረሳችላትም።

«ውርጭማ ጨካኝ ነው፣» አለ ቫሲል ምግብ አፉን እንደሞላው። «የኔም ትራክተር ሎደሯ ዘይት እያንጠባጠበች አሰልችታኛለች። ነገ ጠዋት ሮክሳን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ቱቦውን መዳሰስ ነው እንግዲህ። ምን ይደረጋል!»

«እኔ ደግሞ እስክደርቅ እጠብቃለሁ፣» አለች ሮክሳ። «አባዬ ሲዳስስ አንድ ወር ነው የሚፈጀው።»

ዳርካ አያቷን አየቻቸው። የጊዶ መንጋጋ ተንቀሳቀሰ። አንድ ነገር ሊሉ ፈልገው ነበር፤ ካሉት ግን ውርጩ ይቀልጣል፤ ዳርካም ትታያለች። «ጓንት አድርግ፣» አሉ በመጨረሻ፣ ወደ ሳህናቸው እያዩ።

*ጓንትንም ቆዳንም ይበሳል።* ገጹን በቃሏ ታውቀዋለች።

ዳርካ ሹካዋን አስቀመጠች። ሹካው ሳህኑን መታው፤ ጎን ያሉት ሰዎች ዞር አሉ።

«ውርጭ አይደለም፣» አለች።

«ምን አልሽ?» አለ ቫሲል።

«የጊዶን ጣት የበላው ውርጭ አይደለም። እሳቸው ቱቦውን ሲዳስሱ እኔ ወንበሩ ላይ ነበርኩ። ማንሻውን ነካሁት። እስከ ሁለት ቆጥሬ ለቀቅኩት። እስከ ሁለት ብቻ።»

ሮክሳ ፒሮጊዋን ይዛ ዐይኗን አፈጠጠች። ከኋላ አንዲት ሴት «የእኔ ጌታ!» ብላ አማተበች። ዳርካ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጫፍ ነደደ፤ ግን አላቀረቀረችም።

ጊዶ ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡና ዳቦው አጠገብ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ መዳፏን ወደ ላይ አድርገው አስቀመጧት። ጠባሳው ጣቱ ከነበረበት ተነስቶ እስከ አንጓው ይወርዳል። ቫሲል ማኘኩን አቆመ።

«ቀጥዪ፣» አሏት ጊዶ። «ካርቶኑንም ንገሪያቸው።»

ዳርካ ወንበሯን ወደ ሮክሳ ጠጋ አደረገችና ከመጀመሪያው ጀመረች።